ስምንት የእንጨት ማንኪያ

ወጥ ቤቴ ግድግዳ ላይ ስምንት የእንጨት ማንኪያዎች ተሰቅለዋል። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ እነሱን ያያል፣ ቀጥሎ እኔን ያያል፣ ከዚያ ስለ አየሩ ማውራት ይጀምራል። የእኛ አገር ሰው ይሉኝታ ያውቃል። እኔም አላስረዳም፤ ሻይ እቀዳለሁ። ዛሬ ግን እስቲ ላውራው፤ አባቴም እኔ ሳወራው ቢሰማኝ ደስ የሚለው ይመስለኛል።

ያደግኩት ላንካሽር ውስጥ፣ ሆልደን ክላፍ በምትባል የጥጥ ፋብሪካ ከተማ ነው። አባቴ ዊልፍ ሂንድል የሽመና ማሽን ጠጋኝ ነበር። በእኛ ሰፈር ሰው መሳቅ ሲያምረው ጠጋኞች ላይ ይቀልዳል፤ አንዱ ጠጋኝ ሰዓቱ ቆሞበት ዘይት ቢያጠጣው፣ ሌላው ዝናብ እንዳይገባ ብሎ በሩን በውጭ ቆልፎ ዝናብ ውስጥ ቢያድር፣ ማለቂያ የለውም። አባቴ ቀልዶቹን ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ራሱም ያወራቸዋል፤ አንዳንዶቹ እሱ ላይ የደረሱ እንደነበሩ የነገረኝ ግን ካደግኩ በኋላ ነው።

እናቴ ኔሊ የሞተችው ሦስት ዓመት ሲሆነኝ ነው። ፊቷ አይታወሰኝም፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የማስታውሰው ፓይ የምትጋግርበትን ቡናማ ጎድጓዳ የሸክላ ሳህን ነው። ሥጋና ድንቹ ከሥር፣ ሊጡ እንደ ብርድ ልብስ ከላይ። ጸሎት ቤታችን ለምስጋና በየመስከረሙ በሚያዘጋጀው የመኸር ራት ላይ በሚደረገው የፓይ ውድድር ሦስት ጊዜ ዋንጫ ወስዳለች፤ ስሟም ዋንጫው ላይ ተቀርጿል። እሷ ከሞተች በኋላ ሳህኑ መደርደሪያ ላይ ወጣ፤ አባቴና እኔ ኑሯችንን በእንቁላል ገፋን። ከሰኞ እስከ ዓርብ እንቁላል፣ ቅዳሜ በጋዜጣ የተጠቀለለ የተጠበሰ ዓሣና ድንች፣ እሑድ ደግሞ ጎረቤታችን ወይዘሮ ክሌግ የምትልክልን። ለእኔ ከዚያ የበለጠ ገነት አልነበረም።

ለአክስቴ ሙሪየል ግን ገነት አልመሰላትም። የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ የባንክ ሥራ አስኪያጅ አግብታ ባሕር ዳርቻ፣ ሳውዝፖርት ትኖራለች። ልጅ የላትም። በትከሻዋ ላይ የመስታወት ዓይን ያለው የቀበሮ ቆዳ ትጥላለች፤ እኔ አክስቴን ሳይሆን ቀበሮውን ነበር የምፈራው። በሰማያዊ ከፋይ በተለበጠ ሣጥን ውስጥ ዐሥራ ሁለት የብር ማንኪያዎች እንዳሏት መላው ዘመድ ያውቃል። ስድስት ዓመት በሞላኝ በዚያ በነሐሴ ወር መጣችና፣ ጓንቷን ሳታወልቅ የዳቦ ማስቀመጫችንን ከፍታ አየች። እኔ ጠረጴዛው ሥር ነበርኩ።

«አንተ ሰውዬ፣ ይቺ ልጅ ትናንት ምን በላች?»

«እንቁላል» አለ አባቴ።

«ዛሬስ?»

«እንቁላል።»

«ነገስ?»

«እሱማ እንደ ዶሮዋ ነው፣ እትዬ።»

አክስቴ አልሳቀችም። «ዊልፍ፣ ወንድ ልጅ ብቻውን ልጅ አያሳድግም። ከእኔ ጋር ትሂድ። የራሷ ክፍል ይኖራታል፣ በየቀኑ ትኩስ ምግብ ታገኛለች፣ በብር ማንኪያ ትበላለች። የኔሊ ልጅ እኮ ናት!»

የእናቴ ስም ሲጠራ አባቴ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። ያን ቀን ግን ወንበሩን ገፍቶ ሲነሣ ጫማውን አየሁት። «እስከ መኸር ራት ታገሽኝ» አላት። «የኔሊን ፓይ ጋግሬ ውድድሩ ላይ አቀርባለሁ። ያን ጊዜ ቀምሰሽ ፍረጂ።»

«አንተ? ፓይ?»

«እኔ። ፓይ።»

«ይሁን። ካልሆነ ግን ሻንጣዋን አዘጋጅተህ ጠብቀኝ። ይዣት ነው የምሄደው።»

እንግዲህ ጠረጴዛው ሥር ሆኜ ነገሩን እንዲህ ተረዳሁት፤ አባቴ ካሸነፈ እቀራለሁ፣ ከተሸነፈ ቀበሮው ይዞኝ ይሄዳል። አክስቴ ቀጥላ «ብርዱ እስኪያልፍ እንኳ» ብላ ነበር፤ ይህን አባቴ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው የነገረኝ። እኔ እሱን አልሰማሁም። ልጅ ደግሞ ያልሰማውን ከራሱ ይሞላዋል፤ እኔ «ለዘለዓለም» የሚለውን ሞላሁበት።

ወሬው በአጥሩ ላይ ለወይዘሮ ክሌግ ደረሰ። እሷ ስትናገር ቃሏን ሁሉ ከጓዳ ነው የምታወጣው፤ የእኛ ከተማ ሰው ሁሉ እንዲያ ነው። ሀብታም ለሆነ «የብር ማንኪያ ጎርሶ የተወለደ» ይላሉ፣ ጌታ ነኝ ለሚል «የላይኛው ቅርፊት»፣ ይቅርታ ለጠየቀ «የትሕትና ፓይ በላ»፣ እንግዳን ፊት ለነሳ «ቀዝቃዛ የበግ ትከሻ አቀረበለት»። ወይዘሮ ክሌግ እጇን በወገቧ ላይ አድርጋ «ሙሪየል የብር ማንኪያ ጎርሳ የተወለደች ትመስላለች እንዴ!» አለች። «አባታችሁ ከሰል ሲሸከም እኮ አውቀዋለሁ! በል ዊልፍ፣ እጅጌህን ሰብስብ። ሊጡን ግን አትደብድበው፤ ብረት አይደለም።»

አባቴ ግን ብረት አድርጎ ነው የያዘው። ዱቄቱን በፋብሪካው መለኪያ ለካ፣ የሊጡን ውፍረት በሚሊሜትር ወሰነ። እናቴ ፓይ ስትጋግር የሊጡን መካከል ደግፋ የምትይዝ፣ እንፋሎትም በአፏ የምታስወጣ ትንሽ የሸክላ ወፍ ነበረቻት። አባቴ ቤቱን ሁሉ ቢፈትሽ አጣት። ጥቂት አሰበና ከዕቃ ሣጥኑ አንድ ትልቅ የብሎን ዳዶ አወጣ፤ በሳሙና አጠበው፣ ወደ ብርሃን ይዞ በቀዳዳው ውስጥ አጮለቀ፣ «ይኸው፣ ከወፏም ይሻላል» አለ። ሳህኑ መካከል አቁሞት ሊጡን አለበሰው። ዳዶው ሃያ ዓመት በማሽን ዘይት ውስጥ የኖረ መሆኑን ሁለታችንም አላሰብነውም።

የመኸር ራት ዕለት የጸሎት ቤቱ አዳራሽ በፖም፣ በአበባና በወለል ቀለም ሽታ ተሞልቶ ነበር። የሕፃን ልጅ የሚያህሉ ዱባዎች በመስኮቱ ተደርድረዋል። አሥራ አንድ ፓይ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ተሰልፏል፤ አጠገባቸው በሆምጣጤ የተዘፈዘፈው ቀይ ጎመን በማሰሮ ቀርቧል። ዳኛው አቶ ኦርመሮድ ናቸው፣ የመዘምራን አለቃ፤ ድምፃቸውም ሆዳቸውም ትልቅ ነው። ከፓይ ወደ ፓይ እየዞሩ ይቆርጣሉ፣ ይቀምሳሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

የአባቴ ጋ ሲደርሱ ቢላዋው አልገባ አለ። ገፉት። ቀ-ዋ! የሚል የብረት ድምፅ አዳራሹን ሞላው። አቶ ኦርመሮድ ሊጡን ገልጠው፣ ዳዶውን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው አወጡት፤ መረቁ ይንጠባጠባል።

«ሂንድል፣ ይህ ምንድን ነው?»

«የሦስት ሩብ ኢንች ዳዶ ነው፣ ጌታዬ» አለ አባቴ ቀጥ ብሎ ቆሞ።

«ይበላል?»

«እሱን እንኳ ወደ ጎን ቢያደርጉት ይሻላል።»

ሰው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ አባቴ አዳራሹን ሁሉ ማስደሰቱ ጥሩ ምልክት መሰለኝ። አቶ ኦርመሮድ ቀመሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ከሌሎቹ ይልቅ ለረጅም ጊዜ ጨፈኑ። ይሄን ያህል ጣፈጣቸው ብዬ ጮቤ ረገጥኩ። ውሃ ሲለምኑ እንኳ ነገሩ አልገባኝም።

ሽልማቱ ተጀመረ። ሦስተኛ ለወጣችው ለወይዘሮ ክሌግ ሰማያዊ ሪባን። ለሁለተኛዋ ቀይ ሪባን። ለአንደኛዋ፣ ለፖስታ ቤቱ ኃላፊ ሚስት፣ ዋንጫ። የአባቴ ስም አልተጠራም። ከዚያ አቶ ኦርመሮድ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «አሁን ደግሞ ሁላችንም የምንጠብቀው!» አሉ። ሰው በእግሩ ወለሉን መደብደብ ጀመረ። «ዊልፍ ሂንድል!»

የተሰጠው ክንድ የሚያህል፣ ቀይ ሪባን የታሰረበት የእንጨት ማንኪያ ነበር። ለሪባኖቹ ያጨበጨቡት እንደ ነገሩ ነበር፣ ለዋንጫው በጨዋ ደንብ፤ ለማንኪያው ግን ሰው ሁሉ ተነሥቶ ቆመ፣ አፏጨ፣ ጠረጴዛ ደበደበ። እኔ በልጅ አእምሮዬ ሒሳቡን ሠራሁ። ሽልማት ከትንሽ ወደ ትልቅ ይሄዳል፤ የመጨረሻው ትልቁ ነው። ደግሞም ዋንጫው በዓመቱ ይመለሳል፣ ማንኪያው ግን ለዘለዓለም የተሸለመው ሰው ንብረት ነው።

በእኛ አገር የእንጨት ማንኪያ የሚሸለመው የመጨረሻ የወጣ ሰው ነው። በእግር ኳስም ይሁን በፓይ፣ ጭራ ለሆነው ይሰጡታል፤ ሰው ይስቃል፣ ተሸላሚውም አብሮ ይስቃል። ይህን ከእኔ በቀር አዳራሹ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቅ ነበር።

ወንበር ላይ ወጣሁ። «አሸነፍን!» ብዬ ጮኽኩ። «አባዬ አሸነፈ! አልሄድም!»

ሳቁ በአንድ ጊዜ ቆመ። አባቴ ማንኪያውን እንደያዘ ፊቱ ቀላ። ወርጄ ማንኪያውን ከእጁ ነጠቅሁና በአዳራሹ መካከል ሮጬ አክስቴ ሙሪየል ፊት ቆምኩ።

«አሸንፈናል፣ አክስቴ። አሁን ሊወስዱኝ አይችሉም።»

አክስቴ ማንኪያውን አየች፣ እኔን አየች። «ዶሪን፣ ልጄ፣ ይህ ማንኪያ...» ብላ ጀመረች።

«ከእርስዎ ማንኪያዎች ይበልጣል!» አልኳት። «የብሩ ከሱቅ ይገዛል። ይሄ ግን አይገዛም፣ መሸለም ነው ያለበት!»

አባቴ ከኋላዬ ደርሶ «ዶሪንዬ፣ ስሚኝማ፣ እውነቱን ለመናገር...» አለ። ለመናገር ቆርጦ ነበር፤ ሐቀኛ ሰው ነው። ያቆመችው አክስቴ ናት። ቀበሮውን በትከሻዋ ላይ አስተካከለችና «ዊልፍ፣ አፍህን ዝጋ» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ አለች፤ አፍንጫዋ ቀልቶ ነበር፣ እኔም ተናደደችብኝ ብዬ አሰብኩ።

«ከተሸለማችሁማ ምን እላለሁ?» አለች። «ውል ውል ነው። ለከርሞም መጥቼ አያለሁ።»

የመጨረሻውን ቃል ለአባቴ ማስጠንቀቂያ ብላ ተናግራው ይሆናል። ለእኔ ግን ፍርድ ነበር፤ አባቴ በየዓመቱ ካላሸነፈ ሻንጣው ይታሰራል።

ከዚያ በኋላ አባቴ ምግብ መሥራት ተማረ። ወይዘሮ ክሌግ በአጥሩ ላይ እየጮኸች አስተማረችው፤ እሱም ማሽን እንደሚፈታ ሰው፣ የተበላሸውን እየፈታ እንደገና ገጠመው። የሸክላዋ ወፍ ከምድጃው ጀርባ ወድቃ ተገኘች። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ፋብሪካው ውስጥ ሰው ምሳውን ከአባቴ ምሳ ጋር ለመለወጥ ይለምን ነበር። ሆኖም በየመስከረሙ ማንኪያው የእኛ ነው። ቤት ስንበላው እጅ የሚያስቆረጥም ፓይ ውድድሩ ቀን ምን እንደሚሆን እንጃ፤ አቶ ኦርመሮድ ቀምሰው ውሃ ይለምናሉ፣ ሕዝቡ ወለሉን ይደበድባል፣ እኔ ወንበር ላይ እወጣለሁ። አክስቴም በየዓመቱ ትመጣና «ተሸለማችሁ?» ትላለች። ማንኪያውን አሳያታለሁ። «ታዲያ ምን እላለሁ» ብላ አንድ ቁራሽ ኬክ በልታ ትሄዳለች። መላው ሆልደን ክላፍ፣ ወሬ አንድ ሌሊት የማያድርባት ከተማ፣ ለእኔ ሲል ዝም አለ። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ዓይኔ እንባ ያቀራል።

አንድ ዓመት ብቻ ነገር ተበላሸ። ዐሥር ዓመቴ ነበር። አቶ ኦርመሮድ ኃይለኛ ጉንፋን ይዟቸው መጡ፤ የምን ጣዕም፣ የምን ሽታ፣ ምኑም አይታወቃቸውም። የአባቴን ፓይ በመልኩ ፈረዱና ሁለተኛ አወጡት። ቀይ ሪባን! አባቴ ሪባኑን የሞተ አይጥ የያዘ ይመስል በጣቱ አንጠልጥሎ ወደ እኔ ሲያይ አስታውሳለሁ። ቤት ሄጄ ሻንጣዬን አሰርኩ፤ ሁለት ቀሚስ፣ የእናቴን የሸክላ ወፍ፣ አራቱን ማንኪያዎች። ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ቀበሮውን ጠበቅሁ። አባቴ አጠገቤ ተቀመጠ። ሊያቅፈኝ ሲል እንባዬ መጣ።

ወይዘሮ ክሌግ ሽርጧን እንዳሸረጠች እየሮጠች ደረሰች። በእጇ የዘንድሮውን ማንኪያ ይዛለች።

«ዳኛው ተሳስተዋል፣ የኔ ቆንጆ!» አለች እያለከለከች። «ጉንፋን ነው ጉዱን ያመጣው። የእናንተ ነበር፤ ይኸው ልከውታል። ሪባኑን ወዲህ በይ።»

ማንኪያው ለእሷ የተሰጠ ነበር። ጉንፋን በያዘው ዳኛ ፊት የዚያን ቀን የመጨረሻ የወጣችው እሷ ናት፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ። ይህን ያኔ አላወቅሁም። ሻንጣዬን ፈትቼ ማንኪያውን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ፤ በደስታ ሁለት ሳህን በላሁ።

ዐሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ፣ ከመኸር ራቱ አንድ ቀን በፊት፣ ክፍል ውስጥ አንዷ ልጅ የስፖርት ጋዜጣ ይዛ አንገቷን ደፍታ አየኋት። «ቡድናችን የእንጨት ማንኪያ ወሰደ» አለችኝ። «እንኳን ደስ አላችሁ!» አልኳት ከልቤ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ትርጉሙን ያስረዳችኝ ከሳቅ ብዛት እንባዋን እየጠረገች ነበር።

ወደ ቤት የሄድኩት በንዴት ጦፌ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ወንበር ላይ ቆሜ ስጮህ! ከተማው ሁሉ እያየኝ! አባቴን ምን እንደምለው በመንገድ ላይ ቃል በቃል አዘጋጀሁ። በሩን ስከፍት ሽታው ተቀበለኝ፤ ሥጋ፣ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬ። አባቴ ጀርባውን ሰጥቶኝ ድስቱ ላይ ቆሟል፤ አልሰማኝም። በማንኪያ ቀመሰ። ቆመ። እንደገና ቀመሰ። ከዚያ መደርደሪያው ላይ ወዳለው ቡናማ ሳህን ቀና ብሎ፣ «ኔሊ፣ ደረስኩበት መሰለኝ» አለ። ድምፁ ውስጥ የነበረውን ደስታ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም።

ከዚያ ተነፈሰና የጨው ዕቃውን ከፈተ። እፍኝ ሙሉ ጨው ዘግኖ እጁን ከድስቱ በላይ ዘረጋ።

የተዘጋጀው ንግግሬ ሁሉ ጠፋ። በየዓመቱ ሽልማት ብዬ የተቀበልኩት ነገር ምስጢሩ ይህ ነበር። ዋንጫውን፣ የእናቴ ስም ያለበትን ዋንጫ፣ በእፍኝ ጨው እየለወጠ ነበር ያሳደገኝ።

«አባዬ!»

ደነገጠ። «እ... ዶሪን። ጨው... ጨው ያነሰው መስሎኝ...»

«አላነሰውም» አልኩት። እጁን ይዤ ጨውን ወደ ዕቃው መለስኩት፤ አንድ አንድ ፍሬ መዳፉ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ ነበር። ማንኪያውን ተቀብዬ ቀመስኩ። «አባዬ፣ ዘንድሮ እንሸነፍ።»

ስምንቱን ማንኪያዎች አየ። «ሻንጣሽንስ?» አለኝ ቀስ ብሎ። «ሻንጣሽን አታስሪም?»

«አላስርም» አልኩት። «የትም አልሄድም።»

በማግስቱ ተሸነፍን። አቶ ኦርመሮድ ቀምሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ውሃ አልለመኑም፤ ሁለተኛ ቆርጠው በሉ። «ዊልፍ ሂንድል፣ አንደኛ» ሲሉ አዳራሹ ጭጭ አለ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን ነበር የሚያየው። ተነሥቼ ማጨብጨብ ስጀምር ነው ጣሪያው የተናጋው። አክስቴ ሙሪየል ፊቷን ቀበሮው ውስጥ ቀብራ ታለቅሳለች። የጎደለውን የመጨረሻ ቦታ ደግሞ ወይዘሮ ክሌግ ሞላችው፤ ማንኪያውን ተቀብላ፣ ያን ሁሉ ውፍረቷን ይዛ ወንበር ላይ ወጣችና «አሸነፍን!» ብላ ጮኸች።

አባቴ ዋንጫውን አገላብጦ የእናቴን ስም ፈለገ፤ ሲያገኘው በአውራ ጣቱ ወለወለው። በዓመቱ ደንቡ ነውና መለስነው። ማንኪያዎቹ ግን የእኛ ናቸው።